አባቴና አያ ጎሹ የታሰሩበት ሸማ

በ፲፰፻፹፩ ዓመተ ምሕረት እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ዓመቱን የማውቀው ከብት ያለቀበት ዓመት ስለሆነ ነው እንጂ እናቴ የልደት ቀን ጽፋ የምታስቀምጥ ሴት አልነበረችም፤ "ከብት ሲያልቅ ዘጠኝህ ነበር" ትለኝ ነበርና እኔም ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን የምቆጥረው ከሞቱ በሬዎች ተነሥቼ ነው። አሁን እንግዲህ ሰባ አምስትን አልፌ ደብረ ብርሃን ላይ ከብርድ ጋር የምጨቃጨቅ ሽማግሌ ነኝ። ጉልበቴ ደክሟል፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ከሁሉ ይልቅ ያደከመኝ ደግሞ ሰው ሁሉ "እንደምን አደሩ" ብሎኝ መልሴን ሳይሰማ ማለፉ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ምን ቆርጦት ለመጻፍ ተነሣ የሚል ቢኖር ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰኔ ከአዲስ አበባ የሲኒማ መኪና መጣና በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አቡጀዲ ወጥሮ፣ መስኮቱን ሁሉ በባና ብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ በቀትር ጨለማ ሠርቶ አንድ ነገር አሳየን። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሰዉ በስብሶ ገብቶ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። አቡጀዲው ላይ አንድ ሰውዬ ውኃ ያፈላል። አፈላው፣ አወረደው፣ አቀዘቀዘው፣ ከዚያ ጠጣው። አጠገቤ የነበረች አሮጊት "መልሶ ካቀዘቀዘው መጀመሪያ ምን አለፋው?" አለችኝ። መጨረሻ ላይ መኪናውን ይዞ የመጣው ልጅ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በራሳችን ቋንቋ፣ በራሳችን ሰዎች ፊልም ለመሥራት ያሰቡ ወጣቶች እንዳሉ፣ ታሪክ ያለው ሰው ቢጽፍ መስከረም ላይ ሲመለስ ተቀብሎ እንደሚወስድ ነገረን። ሰዉ ሁሉ እግሩን አየ። እኔ ከተቀመጥሁበት "እኔ እጽፋለሁ" አልሁ፤ አዳራሹ ሳቀ። ባይስቁ ኖሮ ምናልባት በማግስቱ እረሳው ነበር፤ የተሳቀበትን ነገር መተው ግን በዘራችን የለም።

እኔ ፊደል ቆጥሬ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቤ፣ ዳዊት ሳልገባ የቀረሁ ሰው ነኝ። ደግነቱ በግቢዬ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የሰላ ድንጋይ ተወላጅ፣ መምህር ታፈሰ የሚባል ትሑት ልጅ አለ። ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝና የፊልም ጽሑፍ እንዴት እንደሚጻፍ ካነበበው ላይ አስረዳኝ። "አባባ፣ የሚጻፈው ዓይን የሚያየውና ጆሮ የሚሰማው ብቻ ነው" አለኝ። "'አዘነ' ተብሎ አይጻፍም። ሲያዝን ምን ያደርጋል? እሱን ይጻፉ።" እሺ ብዬ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ የጻፍሁት አንድ ደግ ንጉሥ ነበረ የሚል ነው፤ መምህር ታፈሰ አነበበና ደግነቱ በምን እንደሚታይ ጠየቀኝ፤ አሰብሁ፣ አሰብሁ፣ ንጉሤ ዙፋኑ ላይ ከመቀመጥ በቀር የሚሠራው ነገር አጣሁለት። ቀጥሎ ጦርነት ጀመርሁ፤ ፈረሶቹን ሁሉ ደርድሬ ካቆምሁ በኋላ ወዴት እንደምነዳቸው ጠፋኝ። ቀጥሎ መልአክ አመጣሁ፤ መልአኩ ተናግሮ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። ሐምሌ እንዲህ አለፈ፣ ነሐሴም አለፈ። ወረቀቱ እንደ አንኮበር ጉም ነጭ ሆኖ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። ምራቴ "አባባ፣ ዓይንዎን ጨረሱት እኮ" ትለኛለች። እርሻ ያደክማል፣ ሙግት ያደክማል፣ ልጅ መቅበርም ያደክማል፤ ሰው አንድ ነገር እጽፋለሁ ብሎ ሳይጽፍ ሲቀር እንዲህ እንደሚደክም ግን የነገረኝ አልነበረም።

ትናንት የጳጉሜ ሩፋኤል ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ያ የበረከት ነው የሚባለው ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝ፤ ልጆቹ ሁሉ ራቁታቸውን ወጥተው እየጮኹ ይጠመቁበታል፣ እኔ ግን ጸበሉን ጋቢዬ ጠጥቶት ከብዶኝ ገባሁ። ምራቴ ጋቢውን ጨምቃ ከምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ሰቀለችው። እንፋሎቱ ሲነሣ ሽታው መጣ፤ የረጠበ ጥጥ፣ ጭስ የለመደ፣ የሰው ላብ የከረመበት። በዚያ በሰኔው አዳራሽም ይኸው ሽታ ነበር፤ ያን ጊዜ አፍንጫዬን ነክቶኝ ምን እንደሆነ ሳላውቀው ወጥቼ ነበር። አሁን ከእሳቱ ዳር ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳሸተው ስሙን አገኘሁት። አያ ጎሹ ነው። አባቴና አያ ጎሹ ናቸው፣ እየበሰበሱ ከአንኮበር ዳገት ሲወርዱ።

አባቴ ዘነበና ጎረቤታችን አያ ጎሹ አንኮበር አቅራቢያ፣ ከጎረቤላ ማዶ፣ አጥር ለአጥር የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ አላቸው፤ የአባቴ ዳልቻ ይባላል፣ የአያ ጎሹ ቦራ። በአንድ በሬ አይታረስምና ቅንጃ ነበሩ፤ ሁለቱን ጠምደው አንድ ቀን የእኛን ማሳ ያርሳሉ፣ በማግስቱ የእነሱን። እንደማስታውሰው ከሰዎቹ ይልቅ በሬዎቹ ይዋደዱ ነበር። ዳልቻ ቀንበር ሲወርድለት የቦራን አንገት ይልሳል፤ አባቴ ግን የአያ ጎሹን ስም ሲጠራ ሁልጊዜ ቀድሞ ያስላል። ደረቅ፣ አጭር ሳል ናት፤ ጉንፋን አይደለችም፤ አባቴ እምቢ ሊል ሲል ከእምቢታው በፊት የምትመጣ ሳል ናት፤ እናቴ እሷን ስትሰማ የምትለምነውን ነገር በግማሽ ትተወው ነበር። አያ ጎሹ ደግሞ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር ሲጠፋበት የጆሮውን ጫፍ የሚጎትት ሰው ነበር፤ በዚያ የተነሣ ግራ ጆሮው ከቀኙ ይረዝማል ይባል ነበር።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ አያ ጎሹ በተራው የራሱን ማሳ ሲያርስ ከድንበሩ አልፎ ወደ እኛ አንድ ትልም ገባ። አንድ ትልም ማለት ሰው በጎኑ ቢተኛበት የማይበቃ መሬት ነው። አባቴ ከድንበሩ ድንጋይ ላይ ቆሞ ያይ ነበርና ምን ማድረግህ ነው አለው። አያ ጎሹ እኔ አይደለሁም፣ በሬ ነው የሳተ አለ። አባቴ የትኛው በሬ ብሎ ጠየቀ። አያ ጎሹ ጆሮውን ጎተተ፤ ቦራ ነው ቢል የራሱ በሬ ነውና ጥፋቱ የራሱ ይሆናል። ዳልቻ ነው አለ። አባቴ መሬቱን ምናልባት ይቅር ይል ነበር፤ በሬውን ሌባ ያለበትን ሰው ግን አልማረም።

በዚያን ጊዜ እንደ ዛሬ ፖሊስ የለም፣ መጥሪያ የለም። የተጣሉ ሰዎች አንዱ በሕግ አምላክ ብሎ ሌላውን ያቆምና የሸማቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ በእግራቸው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። ያችን ቋጠሮ የሚፈታት ዳኛ ነው፣ አለዚያም ዋስ ነው፤ ከባለጉዳዮቹ አንዱ ቀድሞ ከፈታት ግን በሰዉ ዘንድ የተረታ እሱ ነው። አባቴና አያ ጎሹ ተቋጥረው ወደ አንኮበር ወጡ። እናቴ በሶ ቋጥራ ሰጠቻቸው፤ ለሁለት የሚበቃ ነው የሰጠችው፣ ምክንያቱም አንዱ ሲበላ ሌላው በሁለት ክንድ ርቀት ቆሞ ሊያየው አይችልም። ዳገቱን ሲወጡ አስታውሳለሁ፤ አያ ጎሹ እግሩ ረጅም ስለሆነ ይፈጥናል፣ አባቴ ሆን ብሎ ይጎትታል፣ ሸማው መካከላቸው ይወጠራል፣ ይረግባል። ጉሙ እስኪውጣቸው ድረስ አየናቸው።

አንኮበር ሲደርሱ ዳኛው የለም። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከዞሩ ወዲህ ባለሥልጣኑ ሁሉ እየተከተለ ይሄድ ነበርና የእኛም ዳኛ ሄዷል። መቼ ይመለሳል ብለው ቢጠይቁ የበሩ ጠባቂ ሲመለስ ይመለሳል አላቸው። ሌላ አገር ሰው ቢሆን ይሳሳቅና ተፈታትቶ ይመለሳል። የእኛዎቹ ግን በሰው ቤት ጣራ ጠፈጠፍ ሥር ተጠግተው ሲጠብቁ ሰነበቱ፤ በሶው ሲያልቅ እንደተቋጠሩ ወደ ቤት መጡ። ሰኔ ገብቶ ስለነበር ዝናቡ ደብድቧቸዋል። ጉሙ ገለጥ ሲል ባለ አራት እግር አንድ ነገር ሲወርድ አየንና እኔና የአያ ጎሹ ልጅ አስካለ ከብት መስሎን ሮጥን፤ ስንቀርብ አባቶቻችን ናቸው። ያ የረጠበ ሸማ ሽታ ያን ጊዜ ነው የገባብኝ። ከብት መስሎን መሮጣችን ደግሞ ያለ ነገር አልነበረም፤ በሰፈራችን ያን ቀን በእግሩ የቆመ ከብት አልቀረም ነበር።

እነሱ አንኮበር ጠፈጠፍ ሥር ሳሉ በሽታው ደርሶ ነበር። የከብቱ ዓይን ያነባል፣ አፍንጫው ይዝረበረባል፣ ከዚያ ይወድቃል። ዳልቻ ቀድሞ ወደቀ፤ ቦራ በአጥሩ ማዶ ድምፁ እስኪጠፋ ጮኸ፤ በማግስቱ ቦራም ተከተለው። አባቴ ዳልቻ ፊት መጥቶ ቆመ። አያ ጎሹም የታሰረ ነውና አብሮት ቆመ። መምህር ታፈሰ 'አዘነ' አይጻፍም ያለኝ ትናንት ገና ገባኝ፤ አባቴ በዱላው ጫፍ ከሞተው በሬ ዓይን ላይ ዝንብ ሲያባርር ነበር፣ ይበራል፣ ይመለሳል፣ ያባርራል። ከዚያ ወደ አያ ጎሹ ግቢ ተሻገሩና አባቴ ደግሞ በተራው ቦራ ፊት ቆመ። የቅንጃ ተራቸውን አላፋለሱም።

ሰዉ ሁሉ አሁንስ ይፈታታሉ አለ። የንስሐ አባታችን አባ ገብሬ መጥተው እኔ ለሁለታችሁም ዋስ እሆናለሁ፣ ዋስ ጥሩኝና ቋጠሮዋን ልፍታት ብለው ለመኑ። አባቴ ሳለና እሱ ይቅደም አለ። አያ ጎሹ እሱ ይቅደም አለ። አባ ገብሬ ሁለቱን ተራ በተራ አይተው "እንግዲያው እኔ ልቅደም" ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ነገሩ ሳቅ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። ሰኔ የዘር ጊዜ ነው። ለዘር የተቀመጠው ገብስ በጎታው ውስጥ አለ፤ በሬ ስለሌለ መሬቱን በዶማ ቆፍሮ ዘሩን ማግባት ነው፣ ዝናቡ ሳያልፍ። ዘሩ መሬት ካልገባ ወደ ሆዳችን ይገባል፤ ወደ ሆዳችን ከገባ በሚመጣው ዓመት የሚበላ የለም። ይህን እኔ በዘጠኝ ዓመቴ አውቀው ነበር፤ እናቴ ጎታውን ስትከፍት እጇን አስገብታ ዳብሳ መልሳ ስትዘጋው አይ ነበርና። ሁለቱ ሰዎች ግን መቆፈር አልቻሉም። የታሰሩ ናቸውና አብረው አንድ ማሳ ላይ መቆም አለባቸው፤ የማን ማሳ ይቅደም? አባቴ የእኔ አለ፣ አያ ጎሹ የእኔ አለ። ስለዚህ ጠዋት ከድንበሩ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና እስኪመሽ ይቀመጣሉ። ዶማውን ያነሡት እናቴና የአያ ጎሹ ሚስት እቴ ወርቄ ናቸው። እጃቸው ውኃ ቋጥሮ ፈረጠ፣ በጨርቅ ጠቅልለው ቆፈሩ። እኔና አስካለ ከኋላ ከኋላቸው ጓሉን በእጃችን እናደቅቃለን። የዋሉበትን ሲመሽ ዞር ብለው ሲያዩት የሁለት ዶሮ ጭረት ይመስላል።

አንድ ቀን በቀትር እናቶቻችን ዶማውን ጥለው ሣሩ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ሲቆረጥሙ አስካለ ወደ እኔ ዞረችና አባቶቻችንን እንሁን አለችኝ። በዕድሜ ታንሰኛለች፣ በአፍ ግን ማንም አይተካከላትም። እኔ ምን ብለን አልኋት፤ ንግግሩን ሳላውቅ መነሣት አልወደድሁም፣ ያን ጊዜም እንደዛሬው ነበርሁ። አስካለ ይህን እንደ ሞኝ ጥያቄ ቆጥራ ቀሚሷን ዝቅ አድርጋ ጫፉን ያዘች።

"መጀመሪያ እንተሳሰር" አለች። "ንግግሩ ራሱ ይመጣል።"

የቀሚሷን ጫፍ ከኩታዬ ጫፍ ጋር ቋጠረችው። አንተ የኔን አባት ሁን፣ እኔ ያንተን እሆናለሁ አለችኝ፤ የራስን አባት ማስመሰል ያስገርፋል፣ የሰውን ግን አያስገርፍም የሚል ሕግ ከየት እንዳመጣች አላውቅም። ከእናቶቻችን ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን። አስካለ አገጭዋን ዱላ ላይ አስደገፈች። ሳለች። እናቴ ቆሎዋን አፏ አጠገብ እንደያዘች ቀረች፤ አባቴን ራሱን ነበር የሰማችው።

"አልፈታም" አለች አስካለ። "ሞቼም አልፈታ። የሞትሁ እንደሆነ አብረኸኝ ትቀበራለህ።"

እኔም እንደታሰርሁ፣ እሷ እንዳለችው፣ ንግግሩ ራሱ መጣ። ጆሮዬን ጎተትሁና "እቀበራለሁ፣ ምን ቸገረኝ" አልሁ። "ጉድጓዱን ግን ማን ይቆፍርልናል?"

አስካለ እንደገና ሳለች፤ አልቸኮለችም፤ ዞራ እናቶቻችንን አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ሴቶቹ አሉ አይደለም እንዴ" አለች።

እቴ ወርቄ ወደ ጎን እስክትወድቅ ሳቀች። እናቴም አፏን በተጠቀለለው እጇ ሸፍና ሳቀች፤ ሳቁ ካቆመ በኋላ ግን ትከሻዋ መንቀጥቀጡን አላቆመም፤ እቴ ወርቄ ይህን ስታይ ቀና ብላ ተቀመጠች። የተቀመጥነው አባቶቻችን ካሉበት ከድንበሩ ድንጋይ አጠገብ እንደሆነ፣ ሁሉንም እንደሰሙ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ተበላሁ አልሁ በልቤ። አባቴ አየን። ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ያቺ ሳልም መጣችበት፤ እኩሌታው ላይ ግን አቆማት፤ ገና አሁን ከአንዲት ልጅ አፍ የሰማት ናትና ምን እንደምትመስል ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀ ይመስለኛል። ሰው የገዛ ሳሉን ሲውጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ተነሣ። አያ ጎሹም ተነሣ፤ የታሰረ ምን ያደርጋል። ወደ እኛ መጡ፤ እኔና አስካለ እግራችን ቋጠሮውን ረስቶ በተለያየ አቅጣጫ ልንሮጥ ስንል ተያይዘን ወደቅን። ወደ እኛ ግን አልነበረም የመጡት። አባቴ ከእቴ ወርቄ እግር ሥር ዶማዋን አነሣ፣ አያ ጎሹ የእናቴን አነሣ። ፍታው አልተባባሉም፣ ይቅር አልተባባሉም። ተመልሰው ድንበሩ ላይ ሄዱና ያቺን አንድ ትልም በመካከላቸው አድርገው አባቴ በእኛ በኩል፣ አያ ጎሹ በእነሱ በኩል ቆሙ፣ ጀርባ ለጀርባ ሆነው መቆፈር ጀመሩ። የማን ማሳ ይቅደም የሚለው ነገር እንዲህ አለቀ፤ እንደታሰሩ ሁለቱም በየማሳቸው ናቸው።

እየቆፈሩ ሲሄዱ አባቴ ከድንበሩ ወዲህ ይርቃል፣ አያ ጎሹ ወዲያ ይርቃል። ሸማው ተወጠረ። እንደ ጠፍር ቀጥ አለ። ሁላችንም ቆመን አየን፤ አሁን አንዱ መቆም አለበት፣ አለዚያ አንዱ መፍታት አለበት። ማንም አልቆመም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዶማቸውን መሬት ላይ ሲያሳርፉ ያ በዝናብና በፀሐይ የሰነበተ ሸማ በአያ ጎሹ በኩል ጭርር ብሎ ተቀደደ። ዞር ብለው አላዩትም። የቀደደው ሰው የለም፣ የፈታው ሰው የለም፤ ቋጠሮዋ ከአባቴ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያን ሙግት ማን ረታ ብለው ሲጠይቋት፣ የተረታውስ ሸማው ነው ትል ነበር።

ዘሩ መሬት ገባ። ገብሱ በቀለ፤ እኩሉን ተምች በላው፣ እኩሉ ደረሰልን፤ እኛ በዚያ እኩሌታ ነው በነፍስ የተረፍነው። ክፉው ቀን ግን በአንድ መኸር የሚያልፍ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት አያ ጎሹ አልዩ አምባ የሚያውቀው አንድ እስላም ነጋዴ እንዳለ፣ ቆላው እንደሚሻል ነገረንና ቤቱን ዘግቶ ቤተ ሰቡን ይዞ ወረደ። አባቴና እኔ እስከ ገደሉ አፍ ሸኘናቸው። ጉሙ ከታች እየወጣ ነበር፤ ጥቂት እንደሄዱ ዋጣቸው። ቆመን ሳለ ከጉሙ ውስጥ ያች ሳል መጣች፤ ደረቅ፣ አጭር። ወደ አባቴ ዞርሁ፤ አፉ ግጥም ብሏል። አስካለ ናት። እንደማታየኝ እያወቅሁ ጆሮዬን ጎተትሁላት።

አልተመለሱም። ከአልዩ አምባ የሚመጣ ነጋዴ ባየሁ ቁጥር ለብዙ ዓመት ጠየቅሁ፤ አንዱ አይተናል ይላል፣ አንዱ አልሰማንም ይላል፤ በኋላ እኔም መጠየቁ ሰለቸኝ፤ የሚያሳፍር ቢሆንም ሰው ይሰለቻል። አባቴ ኋላ በሬ ሲያገኝ የአያ ጎሹንም ማሳ እንዳይባክን አረሰው፤ ያቺን አንድ ትልም ግን አላረሳትም። ሰርዶ በቀለባት። እናቴ ምን ሆነህ ነው ስትለው የክርክር መሬት ናት፣ ዳኛው ሲመለስ ይቁረጥ ይላት ነበር። ዳኛው አልተመለሰም፤ አንኮበርም ባዶ እየሆነ ሄደ፤ አባቴም እሷን እንደከበበ አርሶ አርሶ ሞተ። ዛሬ ማሳው የሌላ ሰው ነው፣ ባሕር ዛፍ ነው አሉኝ። ቋጠሮዋም ሸማው ሲያልቅ የት እንደገባች አላውቅም።

ትናንት ከምድጃው ዳር ሆኜ የቆጠርሁት ይህን ነው። በሬ ይተካል፣ ማሳ ይለወጣል፣ ሰውም ይረሳል። እኔን የከበደኝ ግን ያች ሳል ናት። እሷን የሰሙ ጆሮዎች አንድ በአንድ ሄደው አሁን በምድር ላይ የሚያውቃት የእኔ ጆሮ ብቻ ነው፤ እሱም በግራ በኩል አይሰማም። እኔ ስሄድ አባቴ ሁለተኛ ሊሞት ነው፣ አስካለም አብራው። ክረምቱን ሙሉ ንጉሥና መልአክ ስጠራ የነበርሁት ሰውዬ፣ አስካለ ከስድሳ ምናምን ዓመት በፊት የነገረችኝን ረስቼ ነው፤ ሳልታሰር ንግግሩን ስጠብቅ ነበር።

በማግስቱ፣ ማለት ዛሬ ጠዋት፣ ጋቢዬ ገና በደንብ ሳይደርቅ ለበስሁትና ጠረጴዛው ዘንድ ተቀመጥሁ። ጎንበስ ብዬ የጋቢዬን ጫፍ ከወንበሩ እግር ጋር ቋጠርሁት፤ ጊዜ ወሰደብኝ፣ ግን አጥብቄ ቋጠርሁት። ምራቴ ቁርስ ይዛ ገብታ አየችኝና ምን እያደረጉ ነው አለችኝ። ተካስሼ ነው አልኋት። ከማን ጋር አለች፤ ከወረቀቱ አልኋት። ትሪውን አስቀምጣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። እርሳሱን ቀረጽሁና ጻፍሁ፤ ዳገት ነው። ጉም አለ። ሁለት ሰዎች ሸማቸው ተቋጥሮ ይወጣሉ። አጠር የሚለው ያስላል።